አምላክ ነህ ሲሉት ዝም ያለው ጀግና
ስለ ራይደር ሀጋርድ «የፀሐይ ድንግል» ልብ ወለድ

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ በቅዳሜ ማታ የወጣቶች የንባብ ሰዓታችን ላይ የተነሣ አንድ ጥያቄ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅታችን በስልኳ የምታነበውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እየተረከችልን ነበር። የኢንካዎች አገር፣ በወርቅ የተለበጠ ቤተ መቅደስ፣ የሚናገር ጣዖት፣ ስም ያለው ሰይፍ፣ ከባሕር የወጣ ነጭ ሰው። ግማሾቻችን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድም እጁን አወጣና፣ «ፀሐይ የሚመለክበትን መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መተረክ ይገባል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው በቅንነት ነው። ልጅቱ ግን ደነገጠች፤ ስልኳን አጥፍታ ተቀመጠች። እኛ ታላላቆቹ ደግሞ «ኧረ ልብ ወለድ እኮ ነው» ብለን ነገሩን አለፍነው።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ያ መልሳችን ቆረቆረኝ። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ማለት መልስ አይደለም። ከአንዱ ልብ የተወለደ ነገር ወደ ሌላው ልብ ለመግባት ነው የሚጻፈው፤ ባይገባማ ማን ያነበው ነበር? ስለዚህ ልጅቱ ፋይሉን በቴሌግራም ላከችልኝና ሁለት ሳምንት ያህል አነበብኩት። አሁን መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ነገር ግን ወንድማችን በመጽሐፉ ውስጥ የፈራው ነገርና እኔ የፈራሁት ነገር አንድ ሆነው አልተገኙም።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ደራሲው ሄንሪ ራይደር ሀጋርድ ከ1856 እስከ 1925 የኖረ እንግሊዛዊ ነው። ስሙን ባትሰሙት እንኳ በ1885 ያሳተመውን «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች» በፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። በ1910 «የንግሥተ ሳባ ቀለበት» የሚል ልብ ወለድም አውጥቷል፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ሀጋርድ ወጣት ሳለ በደቡብ አፍሪካ በብሪታንያ ቅኝ አስተዳደር ውስጥ ሠርቷል። በ1877 ብሪታንያ ትራንስቫልን ስትጠቀልል ፕሪቶሪያ ላይ ሰንደቅ ዓላማዋን በመስቀሉ ሥነ ሥርዓት የተካፈለ ሰው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ታሪኩን የሚተርከው ሁበርት የሚባል የሄስቲንግስ ሰው ነው። በባሕር ዳር ያደገ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቀስት አይስቴ። በ1377 ፈረንሳዮች ሄስቲንግስን አቃጥለዋል፤ ይህ የተፈጸመ ታሪክ ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ሁበርት እናቱን የሚያጣው በዚያ ወረራ ነው። ከእሳቱ የተረፈለት ከአባቶቹ የወረሰው ሰይፍ ሲሆን ስሙም «የማዕበል ነበልባል» ይባላል። ከዚያ ለንደን ወዳለው ነጋዴ አጎቱ ይሄዳል። አንድ ቀን በወደቡ አካባቢ ሰዎች ከብበው የሚያላግጡበትን ጠይም እንግዳ አይቶ ያስጥለውና ወደ ቤቱ ይወስደዋል። እንግዳው ካሪ ይባላል። ከየት እንደ መጣ ለረጅም ጊዜ አይናገርም፤ ሲናገር ግን በባሕሩ ማዶ ስላለ ማንም ስለማያውቀው አገር ነው፤ እርሱም የዚያ አገር ንጉሥ ልጅ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ይህ የለንደኑ ክፍል ይዞኝ ነው ያደረው። ሀጋርድ አንባቢን እንዴት እንደሚጎትት ያውቃል። እንግዳውና እንግዳውን የተቀበለው ሰው ቀስ በቀስ ወንድማማች ሲሆኑ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሲማር፣ በብርድ አገር የፀሐይ ልጅ ነኝ የሚል ሰው ማለዳ ተነሥቶ ደመና የሸፈናትን ፀሐይ ሲጠብቅ ስታስቡት ልብ ይነካል። ቀጥሎ ሁበርት መጥፎ ጋብቻ ያገባል፤ ክህደት ይመጣል፣ ደም ይፈስሳል፣ ሁለቱም በመርከብ ይሸሻሉ። ማዕበሉ መርከቧን ወስዶ ኮሎምበስ ከመወለዱ በፊት ማንም አውሮፓዊ ወዳላያት ምድር ይጥላቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ገጾች በፍጥነት ማለፍ ትችላላችሁ፤ እኔም አልፌአቸዋለሁ።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የአገሩ ሰዎች ጢም ያለው፣ ፀጉሩ ወርቅማ፣ ብረት የለበሰ ነጭ ሰው ከባሕር ሲወጣ ያያሉ። አምላክ ነው ይላሉ። «ከባሕር የተነሣው ነጭ አምላክ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ መባ ይመጣለታል፣ ነገሥታት ይቀበሉታል፣ ሠራዊት ይከተለዋል። ሁበርት ክርስቲያን ነው። ጸሎት ያውቃል፣ አንድ አምላክ እንዳለ ያውቃል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ስሙን ይቀበላል። አንዳንዴ ይሰለቸዋል፣ አንዳንዴ ያሳፍረዋል፤ ሆኖም መጎናጸፊያውን አያወልቅም። ስሙ መንገድ ይከፍትለታል፤ ሕይወቱን ያተርፍለታል፤ የሚወዳትን ልጅም የሚያገኛት በዚሁ ስም ሥር ሆኖ ነው።

ይህን ሳነብ ልስጥራ ትዝ አለችኝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ የምናውቃት ከተማ። ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ሽባ የነበረው ሰው ሲነሣ ሕዝቡ በራሳቸው ቋንቋ ይጮኻሉ፤ በርናባስን በአንዱ አምላካቸው ስም፣ ጳውሎስን በሌላው ስም ይጠሩአቸዋል፤ ካህኑም ኮርማዎችንና የአበባ አክሊሎችን ይዞ ይመጣል። ሁኔታው ከሁበርት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እንግዳ አገር፣ እንግዳ ቋንቋ፣ በስህተት የመጣ ክብር። ሐዋርያቱ ግን ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ። እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን አሉ። ልብ በሉ፤ ዝም ቢሉ ይጠቀሙ ነበር። ከተማው በሙሉ ይሰማቸው ነበር፤ ስብከታቸውም ሳይደክሙ ተቀባይነት ያገኝ ነበር። እንቢ በማለታቸው ያገኙት ምንድን ነው? ብዙ ሳይቆይ ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ያንኑ ሕዝብ አባበሉትና ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞቷል ተብሎ ከከተማ ውጭ ተጣለ። ለአምላክነት የታጨ ሰው የተወገረው በዚያችው ከተማ ነው።

ሀጋርድ ይህን ታሪክ አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ በዘመኑ የነበረ እንግሊዛዊ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ እየሰማ ነው ያደገው። ቢሆንም በመጽሐፉ ውስጥ ልስጥራን የመሰለ ቀን አንድም የለም። ሁበርት ልብሱን የሚቀድድበት ትዕይንት የለም። ይልቁን ታሪኩ ራሱ ዝምታውን ይሸልመዋል፤ ዝም ባለ ቁጥር አንድ በር ይከፈታል። አንባቢም ሳያውቀው ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር! ሁበርት በሕዝብ ፊት በግርማ ሲቆም «ጎበዝ» ብዬ ነበር በልቤ። ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ስለ ፀሐይ ቤተ መቅደስ ሳነብ ለፀሐይ ልስገድ የሚል ሐሳብ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልመጣብኝም፤ በእናንተም ላይ ይመጣል ብዬ አልሰጋም። ሰዎች ከልክ በላይ ሲያከብሩኝ ዝም ብል ምን አለበት የሚለው ሐሳብ ግን ሰተት ብሎ ነው የገባው። መድረክ ላይ የቆመ፣ መዝሙር መርቶ የወረደ፣ ስሙ ከመጠራቱ በፊት የማዕረግ መዓት የሚደረደርለት ሰው ይህችን ዝምታ ያውቃታል።

የልብ ወለዱ ዝምታ ደግሞ ከልብ ወለድ ውጭ ወገን አላት። ኢንካዎች ነጮችን አምላክ አድርገው ተቀበሉ የሚለው ወሬ በስፋት የተጻፈው ስፔናውያን አገሩን ከያዙ በኋላ ነው። ፈጣሪ ነው የሚሉት ቪራኮቻ ከባሕር ይመለሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበርና ስፔናውያን በዚያ ስም ተጠሩ ይባላል። አሸናፊ እንዲህ ያለ ታሪክ ይመቸዋል፤ «እኛ አልወረርንም፣ እነርሱ ራሳቸው ሲጠብቁን ነበር» ያሰኘዋልና። ፕሪቶሪያ ላይ ሰንደቅ ዓላማ በመስቀል የተካፈለ ሰው ይህን ታሪክ ቢወደው አይደንቅም። ሀጋርድ ክፉ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ኢንካዎችን በብዙ ቦታ በአክብሮት ነው የሚያያቸው። ነገር ግን ከፒሳሮ በፊት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አንድ ደግ ነጭ ሰው ወደዚያ ሲልክ፣ በኋላ የመጡትን ጨካኞች ጥላ በደጉ ሰው ብርሃን እየሸፈነ ነው።

የእውነተኛው ቀን መልክ ሌላ ነበር። ኅዳር 16 ቀን 1532 ካሃማርካ በምትባል ከተማ አደባባይ፣ 168 ያህል ስፔናውያን በየቤቱ አድፍጠው ንጉሡን አታዋልፓን ጠበቁት። ቪሴንቴ ደ ቫልቬርዴ የሚባል መነኩሴ መጽሐፍ ይዞ፣ አስተርጓሚ አስከትሎ ወጣና ስለ እምነቱ ተናገረ። አታዋልፓ መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠውና ወደ መሬት ወረወረው። መድፍ ተተኮሰ፤ ፈረሰኞቹ ወጡ፤ መሣሪያ ያልያዙ ሺዎች አለቁ፤ ከስፔናውያኑ አንድም አልሞተም። ንጉሡ አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ ለቤዛ ከሰጠ በኋላ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ተገደለ። በእሳት እንዳይቃጠል ሲል ተጠምቆ፣ ከዚያ በኋላ አንገቱ ታንቆ።

ስለ መጽሐፉ መወርወር ከስፔናውያን ብዙ ተጽፏል። የኢንካዎቹን ወገን ግን ቲቱ ኩሲ ዩፓንኪ በ1570 በቃሉ አስጽፎታል፤ እርሱ የአታዋልፓ የወንድም ልጅ ነው። እንደ እርሱ አነጋገር አጎቱ አስቀድሞ ለእንግዶቹ በወርቅ ዋንጫ ቺቻ አቀረበላቸው፤ ቺቻ ከበቆሎ የሚጠመቅ ጠላ መሰል መጠጥ ነው። ስፔናዊው አልጠጣውም፤ መሬት ላይ ደፋው። መጠጡን የደፉበት ንጉሥም መጽሐፋቸውን ጣለው። በእኛ አገር እንግዳ የቀረበለትን ጽዋ ፊት ለፊት ቢደፋው ምን እንደሚሆን ለማናችንም አይነገረንም። ስለ ወንጌልና ስለ ኃይል የምትከራከሩ ወጣቶች ይህችን አንድ ዋንጫ አትርሷት። ሀጋርድ ሊጽፋት የሚችላት ትዕይንት ይህች ነበረች ብዬ አዝኛለሁ።

ወደ ልብ ወለዱ እንመለስ። ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲባል ምን ያህሉ ታሪክ ነው ብላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሀጋርድ የዘመኑን የታሪክ መጻሕፍት አንብቧል። ኢንካዎች አገራቸውን ታዋንቲንሱዩ ይሉታል፤ አንድ የሆኑ አራት ክፍሎች ማለት ነው። ዋና ከተማው ኩስኮ ነው። ጎረቤት ሕዝብ የሆኑት ቻንካዎች በኩስኮ ላይ የዘመቱበት ትልቅ ጦርነት በዜና መዋዕሎች ተጽፏል፤ በተለምዶ 1438 ይባላል። ዕድሜው የገፋው ንጉሥ የሚያደላለትን ልጁን ኡርኮን ይዞ ከተማዋን ጥሎ ወጣ፤ ሌላው ልጁ ግን ቀርቶ ተዋጋ፣ አሸነፈ፣ ነገሠ፤ ፓቻኩቲም ተባለ፤ ዓለምን የሚገለብጥ እንደ ማለት ነው። ሀጋርድ ይህን ወስዶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ገፍቶታል። ክፉው ልዑል ኡርኮ ስሙ እንኳ አልተቀየረም፤ ካሪም የተገፋው ልዑል ነው። ሽማግሌው ንጉሥ ኡፓንኪ ይባላል።

የጎደለው ግን ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ድንጋዮቹ! ኢንካዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ፣ ፓቻኩቲ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት በጦር ሜዳው ያሉ ድንጋዮች ሰው ሆነው ተነሥተው ከጎኑ ተዋጉ፤ ድሉ ሲጠናቀቅ ተመልሰው ድንጋይ ሆኑ፤ ንጉሡም እየለየ አስመጥቶ አስከበራቸው ይላሉ። የቅዠት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ይመጣል? ሀጋርድ በዚህ ፈንታ የሰሜን አውሮፓ ሰይፍ ይዞ መጣ። «የማዕበል ነበልባል» ደስ የሚል ስም ነው፤ ይሁን እንጂ አንዲዝ ተራራ ላይ እንግዳ ነው። የቻንካዎችና የኩስኮዎች ውጊያ በእንግሊዛዊ ክንድ ይወሰናል። የዚያ አገር ሰዎች በገዛ ጦርነታቸው ውስጥ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። የሚናገረው የሪማክ ጣዖት ግን በደንብ ተሠርቷል። ሪማክ በኬችዋ ቋንቋ «ተናጋሪ» ማለት ነው፤ የዛሬዋ የሊማ ከተማ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ጨለማው፣ ዝምታው፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አለማወቁ፤ ያን ምዕራፍ ማታ ብቻችሁን ባታነቡት ይሻላል።

አሁን ስለ ካሪ። በእኔ ሚዛን የመጽሐፉ ትልቅ ሰው እርሱ ነው፤ ሀጋርድ ራሱ ይህን ያህል ትልቅ ሊያደርገው አስቦ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ካሪ ለሁበርት ሕይወቱ ባለ ዕዳ ነው። ወንድሙ ብሎታል። ቢሆንም ሲነግሥ፣ ሁበርት ለፀሐይ የተለየችውን ልጅ ሊወስዳት እንደሚፈልግ ሲያውቅ፣ «አይሆንም» ይለዋል። ለወርቅ ብሎ አይደለም፣ በቅናትም አይደለም። አምላኬ ነው የሚለውን ያምነዋል፤ ለእርሱ የተሰጠ አይነካም ብሎ ያምናል። በዚህ እምነት ምክንያት በዓለም ላይ ያለውን አንድ ወዳጁን ለማጣት ይዘጋጃል። ሁበርት ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ሐሰተኛ አምላክነትን እንደ ልብስ ለብሶ ይዞራል፤ ካሪ ደግሞ ለፍጡር እየሰገደ ሳለ በሚያምነው ነገር አይቀልድም። ሁለቱ ፊት ለፊት የሚቆሙባቸውን ገጾች ሳነብ ያፈርኩት በካሪ አልነበረም። ካሪ ተሳስቷል፤ የሚያመልከው እግዚአብሔር የሠራውን ብርሃን ነው። ደግሞም ጨካኝ ነው፤ ሴትን ፈጽሞ አያምንም፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቃሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ነገር ግን አንድ ሰው በስህተት መንገድ ላይ እንኳ በሙሉ ልቡ ሊሄድ እንደሚችል፣ ሌላው ደግሞ የቀናውን መንገድ እያወቀ ቆሞ ሊቀር እንደሚችል በእነዚህ ሁለት ወዳጆች መካከል ታያላችሁ። ሰባኪ ካልሆነ ደራሲ ይህን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ ማን ለማን እንደሚሸነፍ አልነግራችሁም።

ስለ ልጅቱ ግን ዝም ልል አልችልም፤ የመጽሐፉ ስም የእርሷ ነውና። ስሟ ኪላ ነው፤ በኬችዋ ጨረቃ ማለት ነው። የቻንካዎች ንጉሥ የሁዋራቻ ልጅ ናት። አባቷ ከኩስኮ ጋር ሰላም ለማድረግ ለኡርኮ ያጫታል፤ እርሷም ስለ ሕዝቧ ብላ እሺ ትላለች። ሁበርትን ትወዳለች። ኡርኮ በመርዝ ዓይኗን ያጠፋዋል። ከእርሱ ለማምለጥ በፀሐይ ደናግል ቤት ትሸሸጋለች። ከዚያ በኋላ አንዱ ሊያወጣት፣ ሌላው ሊያስቀራት ይታገላል። ተመልከቱ፤ አባት ሰጣት፣ እጮኛ አሳወራት፣ ፀሐይ ወሰዳት፣ ጀግናው ሊነጥቃት መጣ፣ ንጉሡ ከለከለ። የምትናገረው ሁሉ ያማረ ነው፤ እንደ ቅኔ ነው። ግን አንድም ቀን ማለዳ ተነሥታ ምን እንደምትሠራ፣ ማንን እንደምትናፍቅ፣ ምን እንደሚያስቃት አናውቅም። እንደ ጨረቃ ከሩቅ ትታያለች እንጂ አትቀርብም።

እውነተኞቹ ልጆች ግን ነበሩ። አክያ ይባሉ ነበር፤ የተመረጡ ማለት ነው። የንጉሡ ሹማምንት በየአውራጃው እየዞሩ አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጃገረዶች ይመርጡ ነበር። በተመረጡ ሴቶች ቤት ውስጥ ለዓመታት ያድጋሉ፤ ማማኮና የሚባሉ ታላላቅ ሴቶች ያስተምሯቸዋል። እጅግ ቀጭን የሆነውን የነገሥታት ጨርቅ መሸመን፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ለበዓል የሚሆነውን ቺቻ መጥመቅ ይማራሉ። ከዚያ አንዳንዶቹ በቤተ መቅደስ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹን ንጉሡ ለባለሟሎቹ ሚስት አድርጎ ይሰጣል። ጥቂቶቹ ደግሞ ለመሥዋዕት ይለያሉ። ስፔናውያን ይህን ቤት ሲያዩ «የሴቶች ገዳም» አሉት፤ ሀጋርድም ይህንኑ ተከትሏል፤ «ድንግል» የሚለው ቃል በእኛም ጆሮ ሌላ ትርጉም ይዞ ስለሚመጣ ነገሩ ይበልጥ ይሸፈንብናል። ኩስኮ ውስጥ የተመረጡት ሴቶች ቤት በነበረበት ቦታ ላይ በኋላ የሳንታ ካታሊና ገዳም ተሠርቷል፤ የኢንካዎቹ የድንጋይ ግንብ ዛሬም ከሥሩ ይታያል።

በ1999 በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር ላይ ባለው በዩዪያኮ እሳተ ገሞራ ተራራ ጫፍ ላይ፣ 6,739 ሜትር ከፍታ አጠገብ፣ የሦስት ልጆች ሬሳ ተገኘ። አምስት መቶ ዓመት ገደማ በብርድ ውስጥ ሳይፈርሱ ቆይተዋል። ትልቋ ልጅ በኋላ በተደረገ ጥናት አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ እንደ ነበረች ተገምቷል። እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ራሷ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፤ ፀጉሯ በቀጭን በቀጭኑ ተጎንጉኗል። የተኛች ትመስላለች። ፀጉር ሲያድግ የተበላውንና የተጠጣውን ይመዘግባልና ሊቃውንቱ ከሹሩባዋ ላይ ብዙ አነበቡ። ከመሞቷ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ምግቧ በድንገት ተሻሽሏል። ያኔ ተመርጣ መሆን አለበት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ የኮካ ቅጠልና ቺቻ በብዛት ተሰጥቷታል። እንዳትፈራ ይሆናል፤ እንዳትጮኽም ይሆናል። ከእርሷ ጋር የተገኙት ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ገና ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ሦስቱም በሳልታ ከተማ በሚገኝ ሙዚየም በብርድ ተጠብቀው ይኖራሉ።

የልጅቱን ፎቶ ማየት እንደማልፈልግ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ አየሁት። የሰባተኛ ክፍል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ትመስላለች። መጽሐፍ ቅዱሳችን ልጆችን በእሳት ለሞሎክ ማሳለፍን ደጋግሞ ሲያወግዝ ስናነብ ሩቅ ዘመን፣ ሩቅ አገር ይመስለናል፤ እዚህ ግን ሹሩባ አለ፣ ጣቶች አሉ። ያንን ያደረጉት ሰዎች ደግሞ አውሬዎች አልነበሩም። አሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር መንገድ በተራራ ላይ የዘረጉ፣ በችግር ቀን ሕዝብ እንዳይራብ ጎተራ የሞሉ፣ በክር ቋጠሮ ሒሳብ የያዙ ሰዎች ናቸው። ለአምላካቸው ያላቸውን ምርጡን ሰጠን ብለው ነው ያመኑት። ሀጋርድ የካሪን የእምነት ጽናት አሳይቶናል፤ የዚያ ጽናት ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን ከዚህች ልጅ ፊት በቀር የሚያሳይ የለም። በመጽሐፉ ውስጥ ኪላን የሚያድናት ሰይፍ አለ። ተራራው ላይ ማንም አልመጣም።

መጽሐፉን አንብቡት ወይ? አዎ፤ እንግሊዝኛችሁ ለአሮጌ አነጋገር የሚታገሥ ከሆነ። ዓረፍተ ነገሮቹ ይረዝማሉ፣ ሰዎቹ ሁሉ እንደ ነቢይ ይናገራሉ፣ ደም ይበዛል፤ ለታናናሾች አይሆንም። ስለ ጣዖቱና ስለ ቤተ መቅደሱ አትስጉ። ሁበርት መባ ሲቀርብለት ዝም በሚልባቸው ገጾች ላይ ግን ቆም ብላችሁ ልባችሁ ማንን እያጨበጨበ እንደሆነ አዳምጡ። የሐዋርያት ሥራ 14ን ከጎኑ አስቀምጡት፤ ጊዜ ካላችሁ ምዕራፍ 12 ላይ ሕዝቡ የአምላክ ድምፅ ነው ሲለው የተቀበለውን ሄሮድስንም ጨምሩ።

ያን ወንድማችንን አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «እሺ ልጅቱስ?» አለኝ፤ የተራራዋን ልጅ ማለቱ ነው። እኔ ግን የእኛን እኅት መስሎኝ «ተጽናንታለች» አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን። እውነትም ተጽናንታለች። ባለፈው ቅዳሜ ደብተር ይዛ መጣችና የኪላን ታሪክ በኪላ አፍ መጻፍ መጀመሯን ነገረችን። ሁለት ገጽ አነበበችልን። የሚጀምረው ገና ሳይነጋ በሽመና ቤት ውስጥ ነው፤ ዓይኗ የጠፋ ልጅ ክሩን በጣቷ እየቆጠረች፣ አጠገቧ ያለችውን ትንሽ ልጅ በሹክሹክታ ትጠይቃለች፤ ዛሬ ማንን ሊመርጡ ነው የመጡት? እዚያ ላይ አቆመች።

ያ ወንድማችን እጁን ሳያወጣ፣ «ከዚያስ?» አላት።

«ገና ነው» አለችው።